ጃንዋሪ አንድ የተወለድን

እኔ የተወለድኩት ጃንዋሪ አንድ ነው። እናቴም ጃንዋሪ አንድ ናት። ወንድሜም እንደዚያው። ባሌም ቢሆን፣ እኛን ሳያውቅ በሌላ አገር መጠለያ ጣቢያ ያደገ ሰው፣ ጃንዋሪ አንድ ነው። የጋብቻ ፈቃድ ልናወጣ ወደ ካውንቲው ቢሮ የሄድን ቀን፣ በመስኮቱ በኩል ያለችው ሴትዮ ወረቀታችንን አይታ እጇን ደረቷ ላይ አደረገችና «በአንድ ቀን ተወልዳችሁ! እንዴት ደስ ይላል!» አለችን። ባሌ ወደ እኔ ዞር ብሎ በአማርኛ «የኋለኞቹን ስታይ ምን ልትል ነው?» አለኝ። ከኋላችን ተራ የሚጠብቁት ሁለት ሶማሌዎች ነበሩ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። በስደት ስንመዘገብ፣ የልደት ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር መናገር ላልቻለ ሰው ዓመቱ በግምት ይሞላለታል፤ ወሩና ቀኑ ግን በጅምላ ጃንዋሪ አንድ ነው። እናቴ ቀኗን የማታውቅ ሰው አልነበረችም። አባቷ በመጽሐፍ ቅዱሱ ሽፋን ውስጥ፣ በቀይ እስክሪብቶ፣ ሰኔ ስድስት ብሎ ከነዓመተ ምሕረቱ ጽፎላታል። ናይሮቢ ውስጥ ያንን ገጽ ገልጣ ለመዝጋቢው ስታሳየው አጠገቧ ቆሜ ነበር፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። ሰውዬው ፊደሉን አየ፣ እሷን አየ፣ ሰልፉን አየ። ዓመቱን በጣቱ ደምሮ አስተካከለላት። ወሩንና ቀኑን ለማስላት ግን ትዕግሥት አልነበረውምና ጃንዋሪ አንድ ብሎ ጻፈ።

እናቴ ያንን ሰውዬ እስከ ዛሬ ይቅር አላለችውም። ወንጌል አማኝ ናት፣ ጠላቷን ትወዳለች፣ ለመንግሥት ትጸልያለች፤ መዝጋቢው ጋ ስትደርስ ግን ፊቷ ይከብዳል። «መቃብሬ ላይ ጃንዋሪ ተብሎ እንዳይጻፍ» ትለኛለች። ልደቷን በየመዝገቡ የምታሳርምበትን ፎርም ሞልቼ፣ የመጽሐፍ ቅዱሱን ገጽ ፎቶ አያይዤ፣ ፊርማዋ ብቻ እንዲቀር አድርጌ አስቀምጬው ነበር። ሁለት ዓመት ጓንቲና የመኪና ወረቀት በማስቀምጥበት መሳቢያ ውስጥ ተኛ። ፊርማ የሚያረጋግጥ ኖታሪ ዘንድ ይዣት እስክሄድ ጊዜ አጣሁ። ጊዜ የለኝም የምትል ልጅ ያለቻት እናት ታሳዝነኛለች፤ ያቺ ልጅ እኔ መሆኔ ደግሞ ያናድደኛል።

የምሠራው ዳታ ላይ ነው። ይህን ስናገር የአገሬ ሰው መልሱ ሁለት ነው፤ ወይ «ከቤት ነው?» ወይ «ልጄን አታስገቢልኝም?» ከዚያ በፊት ሻኮፒ ካሉት ትልልቅ መጋዘኖች በአንዱ አራት ዓመት ሠርቻለሁ። የእኔ ቦታ የችግር ጠረጴዛ የሚባለው ነበር። ወረቀቱ የተቀደደ፣ የባርኮድ መስመሩን ማሽኑ ማንበብ ያቃተው ካርቶን ሁሉ ወደ እኔ ይመጣል። ከፍቼ አያለሁ፣ ምን እንደሆነ አጣራለሁ፣ አዲስ ወረቀት ለጥፌ ወደ መንገዱ እመልሰዋለሁ። እዚያ ጠረጴዛ ላይ አንድ ሕግ ነበረን፤ ማሽን አላነበበውም ተብሎ ዕቃ አይጣልም። በዚያ ሥራ እየከፈልኩ ማታ ማታ ተማርኩ፤ አሁን ካሉት የሥራ ባልደረቦቼ መካከል የካርቶን ክብደት በዓይኑ የሚገምት ከእኔ ሌላ የለም፤ ይህን ደግሞ ደጋግሜ ነግሬያቸዋለሁ።

ሥራችንን ለእናቴ ወጥ ቤቷ ተቀምጬ ያስረዳኋት እንዲህ ብዬ ነው። መድኃኒት መጀመሪያ የሚሞከረው ተመርጠው በመጡ ሰዎች ላይ ነው። እነሱ በቀጠሯቸው ይመጣሉ፣ ኪኒናቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ፣ ሲረሱ ስልክ ይደወልላቸዋል። የሰው ኑሮ ግን እንደዚያ አይደለም። ሌሊት የሚነዳ አለ፣ የሚጾም አለ፣ ብልቃጡ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የማይችል አለ፣ ደህና ከሆንኩ ለምን እውጣለሁ ብሎ የሚተው አለ። የእኛ ቡድን የሚያጠናው የእነዚህን ሰዎች መዝገብ ነው። ማንንም አንጠራም፣ ማንንም በመርፌ አንወጋም። ክሊኒኮቹ በየቀኑ የሚጽፉት፣ የደም ግፊቱ ስንት ነበር፣ ምን ታዘዘለት፣ ተመልሶ ሲመጣስ ስንት ሆነ የሚለው፣ ስሙ ወጥቶ በቁጥር ተተክቶ ይደርሰናል። ከዚያ መድኃኒቱ በየሰው ቤት ሲገባ ምን እንደሠራ እንጠይቃለን። ያኔ የያዝነው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ ሁለት የግፊት ኪኒን ይውጥ የነበረ ሰው፣ ሁለቱን አጣምራ የያዘች አንዲት ኪኒን ቢሰጠው ግፊቱ የተሻለ ይረጋለታል ወይ?

እናቴ ሰምታ ስታበቃ «ይኼን እኔን አትጠይቁኝም?» አለች። ከዓመት በፊት ሐኪሟ ሁለቱን በአንዷ ቀይሮላት ነበር። «ሁለት ሲሆኑ ጠዋቱን ውጬ ማታውን እረሳለሁ። አንዷ ትሻለኛለች። በቃ፣ ጻፊው» አለችኝ።

በእኛ ክሊኒኮች የሰው መዝገብ ለጥናት ከመዋሉ በፊት ባለቤቱ ፈቅዶ ይፈርማል። እናቴ ወዲያው ፈረመች። አልበቃትም። እሑድ ከአምልኮ በኋላ በቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት ሻይ ሲጠጣ፣ የእሮብ ጸሎት ጓደኞቿን ሰብስባ አስተማረቻቸው። ሴቶቹ ፈርተው ነበር። አንዷ «ለኢንሹራንስ ይሸጡታል» አለች፤ ሌላዋ «እኔ የቤቴን ጣጣ ፈረንጅ እንዲያነብልኝ አልፈልግም» አለች። እናቴ ስኒዋን አስቀምጣ «ስማችሁን አያዩም፤ ግፊታችሁን ነው የሚቆጥሩት። የምትቆጥረው ደግሞ ማን ትመስላችኋለች? ልጄ ናት! ክሊኒክ ስትሄዱ ሳይን አድርጉ» አለቻቸው። በደረጃው ላይ ቆሜ ሰማኋት። ዘመኔን ሁሉ እንደዚያን ቀን ኮርቼ አላውቅም፤ ትንሽም ፈራሁ።

ከዚያ ወዲያ በደወለች ቁጥር ጥያቄዋ አንድ ሆነ። «እህ፣ ተቆጠርን?»

«እማዬ፣ ያንቺን መዝገብ እኔ መክፈት አልችልም አልኩሽ እኮ። ከሥራ ያባርሩኛል።»

«የገዛ እናትሽን?»

«በተለይ የገዛ እናቴን።»

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ትልና ስልኩን ትዘጋለች።

ጥናቱ ሊያልቅ ቀረበ። ማክሰኞ አለቃዬ ውጤቱን ለክሊኒኮቹ ሐኪሞች ልታቀርብ፣ እነሱም ተመካክረው አሠራራቸውን ሊቀይሩ ነበር። አለቃዬ ራሷ ሐኪም ናት፤ ፀጉሯ የሸበተ፣ በበረዶ ጭምር በብስክሌት ሥራ የምትገባ ሴት። የመጨረሻውን ሠንጠረዥ የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ። ሐሙስ ከምሳ በኋላ ታካሚዎቹ በሚናገሩት ቋንቋ ስከፋፍላቸው፣ አማርኛ የሚለው ረድፍ ላይ ያለው ቁጥር በእጅ ጣት የሚቆጠር ሆኖ አገኘሁት። የእሮብ ጸሎት ሴቶች ብቻቸውን ከዚያ ይበልጣሉ።

ተናደድኩ። የተናደድኩት ደግሞ በሴቶቹ ነው። እናቴ ፊት አዎ አዎ ብለው፣ ክሊኒክ ሲደርሱ ሳይፈርሙ የተመለሱ መሰለኝ። የእኛ ሰው ይሉኝታው አያስቸግርም? ወዲያው ደወልኩላት።

«እማዬ፣ እነዚያ ጓደኞችሽ የምር ፈርመዋል ወይስ ለወግ ያህል ነው እሺ ያሉሽ?»

ተቆጣች። 

«ግማሾቹን እኔው ነኝ ይዤያቸው የሄድኩት። ሲፈርሙ በዓይኔ አይቻለሁ። የጎደለው አንቺ ጋ ነው፤ እዚያው ፈልጊ» አለችኝ።

እኔ ጋ ነው መባሌ አበሸቀኝ። ቢሆንም ከሻኮፒ የቀረችኝ ልማድ አለች፤ ከመንገድ የወጣ ነገር ካለ መጀመሪያ የችግር ጠረጴዛውን ማየት። ከጥናቱ የወጡ ሰዎች ሁሉ ከነምክንያታቸው የሚቀመጡበትን ፋይል ከፈትኩ። አንዱ ወደ ሌላ ግዛት ሄዷል፣ አንዱ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የመጣው፣ እንዲህ እያለ ይቀጥላል። ወደ ታች ስወርድ ግን አንድ ምክንያት እየተደጋገመ መጣ፤ «የልደት ቀን የማይታወቅ»። ከጎኑ ያሉት ቋንቋዎች አማርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛ፣ ትግርኛ፣ እንዲሁም የእስያ ስደተኞች የሚናገሩት ካረን ነበሩ። እንግሊዝኛ ከስንት አንዴ ብቅ ይላል።

እንዲህ ያለውን ሰው የሚያስወጣውን ሕግ ማን እንደጻፈው ለማየት የፕሮግራሙን መስመር ከፈትኩ። ከላይ የተጻፈው ስም የእኔ ነው።

ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ወር የጻፍኩት ነበር። በማታው ኮርስ ላይ እንዲህ ብለው አስተምረውን ነበር፤ አንዳንድ ኮምፒውተር መዝጋቢው የልደት ቀን ሳይሞላ ሲቀር ራሱ ጃንዋሪ አንድ ብሎ ይሞላል፤ ስለዚህ ጃንዋሪ አንድን አትመኑ። እኔም እንደ ጎበዝ ተማሪ፣ ልደቱ ጃንዋሪ አንድ የሆነን ሁሉ ቀኑ እንደማይታወቅ ቆጥሮ ከጥናቱ የሚያስወጣ ሕግ ጻፍኩ። በስብሰባ ላይ ተመሰገንኩበት። በመንጃ ፈቃዴ ላይ፣ በፓስፖርቴ ላይ፣ በጋብቻ ወረቀቴ ላይ ጃንዋሪ አንድ የተጻፈብኝ ሴት፣ ያቺን መስመር ስጽፍ ራሴ ትዝ አላልኩኝም። እናቴ ትዝ አላለችኝም። ከመቀመጫዬ ሳልነሣ እንባዬ መጣ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔን ነው። ናይሮቢ ላይ ያ ሰውዬ ቀኗን ቢወስድባትም እሷን ግን መዝግቧታል። እኔ ነኝ ጭራሽ ያወጣኋት።

ልደብቅ አላሰብኩም ብል እዋሻለሁ። ውጤቱ ያለ እነሱም ያማረ ነበር። አንዷ ኪኒን ትሻላለች ይል ነበር። ማክሰኞ ቀርቦ፣ ተጨብጭቦ፣ ማንም ሳያውቅ ያልፍ ነበር። በቡድኑ ውስጥ እንግሊዝኛውን ሁለተኛ የሚያስደግሙት እኔን ብቻ ነው፤ እንዲህ ያለ ስህተት ከእኔ ወጣ ብሎ መናገር ከበደኝ። ወደ ኢንቨር ግሮቭ ሃይትስ ወደ ቤቴ እየነዳሁ መቶ ሰበብ ደረደርኩ። ወንዙን ስሻገር «የምትቆጥረው ልጄ ናት» የሚለው ድምፅ መጣብኝና ሰበቡ ሁሉ አለቀ።

ዓርብ ጠዋት አለቃዬ የብስክሌት ቆቧን ሳታወልቅ ቢሮዋ ገባሁ። ፋይሉን አሳየኋት። ረጅም ጊዜ አነበበች።

«ይህን ሕግ ማነው የጻፈው?» አለች።

«እኔ ነኝ።»

«ያጸደቅኩት ደግሞ እኔ ነኝ» አለችና ቆቧን አወለቀች። «እነዚህ ሰዎች እውነተኛ መሆናቸውን በምን አወቅሽ?»

መንጃ ፈቃዴን አውጥቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩት። አየችው። ቀና ብላ እኔን አየች። ከዚያ ያልጠበቅኩትን ጠየቀችኝ፤ «እውነተኛው ልደትሽ መቼ ነው?»

«የካቲት ውስጥ ነው» አልኳት። ይህን ጥያቄ በዚህ አገር ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። ወረቀት የማገላብጥ መስዬ ፊቴን አዞርኩ።

የማክሰኞው ቀጠሮ በሦስት ሳምንት ተላለፈ። ደስ ያላላቸው ነበሩ፤ አንድ ባልደረባዬ «ለጥቂት ሰዎች ተብሎ?» አለ። «ጥቂት ያደረግናቸው እኛ ነን» አልኩት። ሥራ ለሠሪው እሾህ ለአጣሪው ይባል የለም፤ ያጠርኩትን እሾህ እኔው ነቀልኩ። ሐሰት የሆነው ቀኑ ነው እንጂ ሰውየው አይደለም። ለጥናታችን የሚያስፈልገን ዕድሜ ነው፤ ዕድሜ ደግሞ በጥቂት ወራት ቢዛባ የሚለወጥ ነገር የለም። ዓመቱ ራሱ በግምት የተጻፈ ቢሆንስ ብለን ደግሞ ዕድሜውን ዝቅ አድርገን፣ ከፍ አድርገን፣ ደጋግመን አሰላነው። ኮምፒውተሩ በእርግጥ ባዶውን ቦታ ራሱ የሞላላቸውን፣ ዓመቱንም ሩቅ ወደ ኋላ ወስዶ ዕድሜያቸውን ከመቶ ያሳለፈውን እነዚያን፣ ለይቼ አስወጣሁ። የቀሩትን አንድ በአንድ ወደ መንገዱ መለስኳቸው። እንደዚያ ሳምንት ሥራዬን ወድጄው አላውቅም።

ውጤቱ ሲወጣ አለቃዬ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። መልሱ አልተገለበጠም፤ አንዷ ኪኒን አሁንም ትሻላለች። ግን ያቺ ኪኒን ከሁሉ አብልጣ የጠቀመቻቸው እኔ ያስወጣኋቸውን ሰዎች ሆኖ ተገኘ። አለቃዬ ለምን ይመስልሻል አለችኝ። ብልቃጡ ላይ ያለው ጽሑፍ የራስህ ቋንቋ ካልሆነ፣ ሁለት ብልቃጥ ከመያዝ አንድ መያዝ ይቀላል አልኳት። ይህ ግምት ነው፤ ግምት መሆኑንም ጽፈናል። የእኔ እናት ግን ገና ከመጀመሪያው ወጥ ቤቷ ውስጥ ተናግራው ነበር፤ እንደ እናቴ ያለች ሴት ጻፊው ስትል መጻፍ ነው።

በስብሰባው ቀን አለቃዬ እስከ ግማሽ አቅርባ ቆመችና «ይህን ክፍል ያገኘችው ታስረዳችሁ» ብላ ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ሐኪሞቹ ፊት ቆምኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር ጠፋኝ። «ስሜን ታውቁታላችሁ፤ የተወለድኩት ጃንዋሪ አንድ ነው» ብዬ ጀመርኩ። ከኋላ አንዲት ሐኪም ሳቀች፤ ታካሚዎቿን እያስታወሰች መሆኑ ገባኝ። ስህተቱን ማን እንደሠራው ሳልደብቅ ነገርኳቸው። ሐኪሞቹ ተመካክረው ሲጨርሱ ውሳኔያቸው አንድ ነበር፤ ሁለት ኪኒን የያዘ ታካሚ ሲመጣ፣ አንዷ ትስማማው እንደሆነ በአስተርጓሚ ጭምር እንዲጠየቅ። አለቃዬ ደግሞ የእኔ ሕግ በሌሎቹ ጥናቶች ውስጥ ገብቶ እንደሆነ ሁሉንም አስፈተሸች። ከአዳራሹ ስወጣ እግሬ መሬት አልነካም ነበር።

ቅዳሜ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። ሴዳር ሪቨርሳይድ ካሉት ፎቆች በአንዱ፣ ባቡሩ ከሥር ሲያልፍ በሚታይበት ክፍል ነው የምትኖረው። መኪና ማቆሚያ ፍለጋ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። ያን ቀን የልደት ማረሚያ ፎርሙንም ከመሳቢያው አውጥቼ ይዤ ነበር፤ አድራሻውን አጣርቼ፣ ቅዳሜ የሚሠራ ኖታሪ አግኝቼ፣ ቀጠሮ ይዤላታለሁ። ከእንግዲህ ማስቀረት አልፈለግሁም።

በሩን ከመክፈቷ «እህ?» አለችኝ።

ሁሉን ነገርኳት። ሕጉን እኔ እንደጻፍኩ፣ እሷንም ጓደኞቿንም እንዳስወጣሁ፣ «አንቺ ጋ ነው» ያለችኝ ትክክል እንደነበረች። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። እጄን ይዛ ሰማችኝ። ሐኪሞቹ ፊት ቆሜ ምን እንዳልኩ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ።

«አሁንስ አለሁበት?» አለች።

«አለሽበት። የትኛው ረድፍ እንደሆንሽ አላውቅም፤ ማወቅም አይፈቀድልኝም። ግን ካሉት ውስጥ አንዷ አንቺ ነሽ።»

«እነሱስ?»

«ሁሉም አሉ።»

ራሷን ነቀነቀች። ዓይኗ ሞላ፤ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችው። እኔ ደግሞ ይኼን ጊዜ ነው ብዬ ፎርሙን ከቦርሳዬ አወጣሁና ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። «በይ፣ ተነሽ ልበሺ። ዛሬ ሰኔ ስድስትሽን እናስመልሳለን» አልኳት።

መነጽሯን አድርጋ አነበበችው። ጣቷ የአባቷ ጽሑፍ ፎቶ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወረቀቱን በጥንቃቄ አጥፋ መልሳ ሰጠችኝ።

«መቃብሬ ላይ ሰኔ ስድስት በሉ፤ እሱን አልተውኩም። ክሊኒኩ ጋ ግን ጃንዋሪ አንድ ይሁን።»

«እማዬ፣ አሁን እኮ ለውጥ የለውም። ቀኑ ምንም ቢሆን ትቆጠሪያለሽ፤ ሕጉን አስተካክዬዋለሁ።»

«ገብቶኛል» አለች። «እነዚያን ሴቶች ሁሉ ጃንዋሪ አንድ ሆነው ሳይን ያስደረግኩ እኔ ነኝ። አሁን እነሱን እዚያ ትቼ ብቻዬን ልውጣ?»